ሙሴ ጸሊምና መንፈሳዊ አባቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፤ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ሙሴ ጸሊም አስቀድሞ ወንበዴና ጠጪ ነበረ። ከክፉ ልማዱ እንዴት እንደ ወጣ ማወቅ ለእኛ ለወጣቶች እጅግ ይጠቅመናል።

ሙሴ የኖረው በ4ኛው መቶ ዘመን በምድረ ግብፅ ሲሆን፣ የጥንት ጸሐፊዎች በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ይሉታል። የአንድ ሹም ባሪያ ነበረ። ጌታው ስለ ክፋቱና ስለ ስርቆቱ ቢያባርረው የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ጉልበቱ የሚያስደንቅ ነበረ። አንድ ሌሊት የእረኛ ውሻ ጮኾ ሥራውን ስላሰናከለበት፣ እረኛውን ሊበቀል ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ሞልቶ የነበረውን የዓባይን ወንዝ በዋና ተሻገረ። እረኛው ቢሸሸግበት አራት አውራ በጎች አርዶ፣ በገመድ እየጎተተ ዋኝቶ ተመለሰ። ሥጋውን በላ፤ ቆዳውን ሸጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት።

በኋላ ግን ልቡ ተነካና ወደ አስቄጥስ ገዳም ሄዶ ንስሐ ገባ፤ መነኰሰም። ሆኖም ልብሱን እንደ ለወጠ ልማዱ አልተለወጠለትም። የቀድሞው ፈቃደ ሥጋ ሌሊት ሌሊት እየተነሣበት ምንኵስናውን ሊተው ደረሰ። ወንዝ የተሻገረው ጉልበት እዚህ ላይ አልረዳውም። ሙሴ ግን ሕሊናው ያስጨነቀውን ሳይደብቅ ወደ መንፈሳዊ አባቱ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ነገራቸው። እርሳቸውም አልተቈጡትም፤ ይህ የጀማሪ ፈተና መሆኑን አስረዱት። አጥንት የለመደ ውሻ ከልኳንዳ ቤት ደጅ እንደማይርቅ፣ ቤቱ ተዘግቶ የሚሰጠው ካጣ ግን ተስፋ ቈርጦ እንደሚሄድ በምሳሌ አስተማሩት።

ሙሴ በደረቅ እንጀራ እየጾመ፣ እየሠራና እየጸለየ ታገለ። ፈተናው ሲመለስበት እርሱም ወደ አባቱ ተመለሰ። ስድስት ዓመት ሌሊቱን ቆሞ ጸለየ። ቀጥሎም ሌሊት እየተነሣ ለደከሙ ሽማግሌ መነኰሳት ከሩቅ ውኃ ይቀዳላቸው ጀመር። አንድ ሌሊት ከጕድጓዱ አፍ ላይ በጽኑ ተመትቶ ወድቆ ዓመት ያህል ታመመ። አባ ኤስድሮስም ከዓቅሙ በላይ እንዳይታገል፣ በጉልበቱም እንዳይመካ መከሩት፤ ቅዱስ ቍርባን እንዲቀበልም አዘዙት። ከዚያ በኋላ ዕረፍት አገኘ።

የተመከረው ሰው መካሪ ሆነ። ቅስና ተቀብሎ 70 ያህል ደቀ መዛሙርት አፈራ። አንድ ጊዜ መነኰሳቱ በደለኛ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ሲጠሩት፣ የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምክንያቱን ቢጠይቁት የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው፤ እነርሱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት። በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በርበሮች ገዳሙን ሲወርሩ አልሸሽም ብሎ በሰማዕትነት ዐረፈ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ መጠጥ፣ ጫት ወይም ሌላ ሱስ የያዘው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በመውደቁ ሳይሆን፣ ሁለተኛ ወደ ነፍስ አባቱ መሄድ አፍሮ ብቻውን በመቅረቱ ነው። ሙሴ ጸሊም ግን ስንት ጊዜ ተመላለሰ! እኛም ዛሬውኑ እንሂድ፤ የወደቀ ወንድማችንንም ሳንንቅ እጁን ይዘን እንውሰደው።

የአባታችን የሙሴ ጸሊም በረከት ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር