የጆ ሉዊስ ቡጢ ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣው?

ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋና ጨርቅ ጠቅጥቆ ባሕር ዛፍ ላይ የሰቀለ፣ ሁለት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ በብረት አያይዞ የሚያነሳ ልጅ ሐሙሲትም ሆነ ደብረ ታቦር በየሰፈሩ አይጠፋም። የእነዚህ ልጆች ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ ቡጢ የሚከብደው እንዴት ነው? ክንድ በማወፈር ነው? ዝም ብለን ምክር ከምንደረድር በአንድ ሰው ሕይወት ብናሳያችሁ ይሻላል ብለናል። ሰውየው አሜሪካዊው ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ነው፤ ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ካላችሁ፣ በደንብ ይገናኛል። እንዲያውም ከዚያው እንጀምር። ቀኖቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።

ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። የወልወል ግጭት ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል፤ ሙሶሊኒ ጦሩን በመርከብ ወደ ኤርትራና ሶማሊያ እያጓጓዘ ነው። ሪንግ ውስጥ በአንድ በኩል የቆመው ጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ነው። 118 ኪሎ፣ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ የቀድሞ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን፣ ሙሶሊኒ እንደ ባንዲራ የሚያውለበልበው ሰው። በሌላው በኩል የ21 ዓመቱ ጥቁር ልጅ ጆ ሉዊስ፣ 89 ኪሎ። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ገብቷል። ለጥቁር አሜሪካውያን ይህ ተራ ግጥሚያ አልነበረም፤ ኢትዮጵያና ጣሊያን ቀድመው የተፋጠጡበት መድረክ ነው። ፖሊሶች ረብሻ ይነሳል ብለው በብዛት ተሰማርተዋል፤ አስተዋዋቂው ራሱ ከደወሉ በፊት ሕዝቡ ዘርና አገርን ወደ ጎን እንዲተው ለመነ።

በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ። ሃርለም በደስታ አደረች።

ጦርነቱ ግን አልቀረም። ከሦስት ወር በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በመጋቢት ጎንደር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ታቦርም ተያዘች። ከቺካጎ ድረስ መጥቶ ለኢትዮጵያ አውሮፕላን ያበረረውን ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰንን ታስታውሱ ይሆናል። ጆ ሉዊስ ቦክስን እንደ ሙያ የጀመረው በዚያችው ቺካጎ ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ ምንጭ እንሂድ። ጆ የተወለደው ግንቦት 5 ቀን 1906 ዓ.ም. በአላባማ ገጠር ነው። አያቶቹ በባርነት ውስጥ ያለፉ፣ ወላጆቹ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ የጥጥ ገበሬዎች ነበሩ። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገባ። እናቱ ሌላ ባል አገባች፤ ቤተሰቡም በ1918 ዓ.ም. የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ወደ ዲትሮይት ተሰደደ። እዚያ ልጁ ከትምህርት መልስ በረዶ እያመላለሰ ይሠራ ነበር። ፍሪጅ በየቤቱ ያልገባበት ዘመን ስለሆነ በረዶ በጋሪ እየዞረ ይሸጣል። ጆ ከባዱን የበረዶ ጡብ ተሸክሞ የፎቁን ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ጂም የሚባል ነገር ሳያይ እግሩና ጀርባው ተሠሩ ማለት ነው። በኋላም የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ከባድ አካል ሲገፋ ይውል ነበር።

እናቱ ሙዚቀኛ እንዲሆን ፈልጋ ለቫዮሊን ትምህርት ገንዘብ ትሰጠው ነበር። (እኛ አገር ቢሆን ማሲንቆ ነበር የምትገዛለት።) እሱ ግን ገንዘቡን ለቦክስ ቤት ከፈለ። ጓንቱን በቫዮሊኑ ማኅደር ደብቆ ይሄድ ነበር ይባላል።

የመጀመሪያ የአማተር ግጥሚያው ውርደት ነበር። ኦሊምፒክ የተወዳደረ ጆኒ ማይለር የሚባል ቦክሰኛ ሰባት ጊዜ ጣለው። ያ ሁሉ የበረዶና የፋብሪካ ጉልበት የት ሄደ? ጉልበቱ ነበረ፤ ወደ ቡጢው የሚያደርሰው መንገድ ግን ገና አልተሠራም። ለጥቂት ወራት ተወው፣ ከዚያ ተመለሰ። አማተርነቱን ሲጨርስ ከ54 ግጥሚያ 50 አሸንፎ ነበር፤ 43ቱን በዝረራ።

መንገዱን የሠራለት ሰው ጃክ ብላክበርን ነው። እሱም የድሮ ቦክሰኛ፣ እስር ቤት የከረመ፣ አስቸጋሪ ጠባይ ያለው ጥቁር አሠልጣኝ። መጀመሪያ ላይ ጥቁር ከባድ ሚዛን ማሠልጠን አልፈለገም፤ ከጃክ ጆንሰን በኋላ ለጥቁር የሻምፒዮንነት ዕድል እንደማይሰጥ ያውቃል። ሲስማማም ለልጁ አንድ መራራ ነገር አስረዳው። ነጭ ዳኞች በነጥብ አያሸንፉህም፣ ስለዚህ ውሳኔው እነሱ ዘንድ እንዳይደርስ ማድረግ አለብህ አለው። ለጆ ከባድ ቡጢ ጌጥ አልነበረም። ያለሱ ያሸነፈውን ግጥሚያ ሊቀማ ይችላል።

ጆ ብላክበርን ዘንድ ሲመጣ በክንዱ ብቻ ይመታ ነበር፤ ሲሰነዝርም ሚዛኑን ይስታል። ብላክበርን የመለሰው ወደ እግሩ ነው። መሬቱን በደንብ ረግጦ መቆም፣ ትንሽ መራመድ፣ ከዚያ ክብደቱን ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር ማሳለፍ፣ ዳሌን ማዞር፤ ክንድ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። እንጨት የፈለጠ ልጅ ይህ ወዲያው ይገባዋል፤ ምሳርን በክንድ ብቻ የሚያወርድ ሰው ጉቶውን ሳይሰነጥቅ ይመሻል። የዚያን ዘመን ቦክሰኞች በልምምድ ካምፕ እንጨት ይፈልጡ የነበረው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተምረው ተንጠልጥሎ የሚመታው ከባድ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ይዋሻል ብላችሁ አትስጉ። ስትመቱት ርቆ ከሄደና እንደ ዥዋዥዌ ከተመላለሰ ገፍታችሁታል እንጂ አልመታችሁትም። እዚያው ባለበት ከታጠፈና ከተንቀጠቀጠ ቡጢው ገብቷል። የጆ ቡጢ አጭር ነበረች፤ ሩቅ ወስዶ አያመጣትም፤ ከየት እንደመጣች ሳይታይ ትደርሳለች። ከአንዷ ኋላም ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ይከተላሉ፣ ምክንያቱም ሚዛኑን ስላልሳተ ለቀጣዩ ዝግጁ ነው።

ብረት ማንሳትስ? በእሱ ዘመን አሠልጣኞች ይከለክሉት ነበር፤ ጡንቻ ያስራል፣ ያዘገያል ብለው ያምናሉ። ዛሬ ይህ እምነት ቀርቷል፤ ቦክሰኞች ክብደት ያነሳሉ፣ ይዘላሉ። ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለእግር፣ ለዳሌና ለጀርባ ነው። ስለዚህ ያን የሲሚንቶ ጣሳ ክንድ ለማወፈር ብቻ የምትጠቀሙበት፣ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ቁጭ ብድግ በሉበት። ደግሞ ማዳበሪያውን በአሸዋ ብቻ አትሙሉት። አሸዋ ወደ ታች እየወረደ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና አንጓ ይሰብራል። አሮጌ ልብስ ይሻላል። እጃችሁን በጨርቅ ሳትጠቀልሉ አትምቱ።

ጆ እንደ ፕሮፌሽናል ሰኔ 27 ቀን 1926 ዓ.ም. ጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር ዘርሮ 59 ዶላር አገኘ። ከካርኔራ በኋላ ዝናው ጣሪያ ነካ፤ እሱም ዘና አለ። ከልምምድ ይልቅ ጎልፍ አማረው። ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ግን ፊልሙን ቁጭ ብሎ አየ፤ ጆ በግራው ከመታ በኋላ እጁን ዝቅ እንደሚያደርግ ደረሰበት። ሰኔ 12 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚያች ክፍተት ቀኙን ደጋግሞ አስገብቶ በ12ኛው ዙር ዘረረው። አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ከ11 ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤት አሉ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱም ተስፋ የወደቀ የመሰላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ብዙ ነበሩ።

ጆ ወደ ብላክበርንና ወደ ከረጢቱ ተመለሰ። በዓመቱ፣ ሰኔ 15 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ጄምስ ብራዶክን ዘርሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ልክ በዓመቱ ደግሞ ሽሜሊንግን አገኘው። አሁን ከኋላ ያለው ሂትለር ነው። ከ70 ሺህ ሰው በላይ ገብቶ ብዙው ገና ወንበሩን ሳያሞቅ አለቀ፤ 124 ሰከንድ። ጎኑ ላይ ያረፈች አንዲት ቡጢ የሽሜሊንግን የአከርካሪ አጥንት ሰንጥቃ ነበር። እንግዲህ ይህ በክንድ ጉልበት ብቻ የሚሆን አይደለም። (ሽሜሊንግ ራሱ የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም፤ በኋላ ሁለት የአይሁድ ልጆችን ደብቆ አድኗል።)

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ እንለፈው፤ ብዙው ድል ነው። ሻምፒዮንነቱን 25 ጊዜ አስጠበቀ፣ ወደ 12 ዓመት ያዘው። ከባድ ሚዛን ላይ እስካሁን የሚስተካከለው የለም። በ1933 ዓ.ም. ክረምት ጣሊያን ደብረ ታቦርን ሲለቅ እሱ አሁንም ሻምፒዮን ነበር። ከሁለት ግጥሚያ ያገኘውን ገንዘብ ለአሜሪካ ባሕር ኃይልና ጦር ሠራዊት መረዳጃ ሰጠ፤ ራሱም ወታደር ሆነ። ብላክበርን በዚያው ጊዜ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ሞተ።

የሚያናድደው ቀጥሎ ያለው ነው። ያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የግብር ዕዳ አለብህ አለው፤ ወለዱ ተደማምሮ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። እናቱ ስትሞት የተወችለት ጥቂት ገንዘብ እንኳ ለዕዳው ተወሰደ። ጆም በገንዘቡ ለጋስ ነበር፤ አያያዙንም አያውቅበትም፣ ይህም እውነት ነው። ጡረታ ወጥቶ የነበረው ሰው ለዕዳ ሲል ወደ ሪንግ ተመለሰ። ጥቅምት 15 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቱ፣ ከጣሊያን ስደተኞች የተወለደው ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ከገመዱ ውጭ ጣለው። ማርሲያኖ ከተለመደው እጅግ የከበደ ከረጢት በመምታት የታወቀ ነው። የጆ ትምህርት በሌላ ሰው እጅ ወደ ጆ ራሱ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

የመጨረሻ ዓመታቱን ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ካዚኖ እንግዳ እየተቀበለ አሳለፈ። ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም. በልብ ድካም ሞተ፤ አርሊንግተን በሚገኘው የወታደሮች መቃብር በክብር ተቀበረ። ለቀብሩ ወጪ ከረዱት አንዱ ማክስ ሽሜሊንግ ነው። ከተሸነፈ በኋላ ወዳጁ ሆኖ ኖሯል።

ዲትሮይት መሐል ለጆ የቆመ ሐውልት አለ፤ ፊቱ የለበትም። ከሰባት ሜትር በላይ የሚረዝም የነሐስ ክንድና ጡጫ ነው፣ እንደ ከረጢቱ በገመድ ተንጠልጥሏል። እዚያ ያላችሁ የአገራችን ልጆች ካላችሁ እስቲ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን።