የሕሙማንን ማዕድ ያስተካከለው ምግብ አብሳይ

ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ምርመራውና ስለ መድኃኒቱ ነው። ምን በላ? ምን ያህል በላ? ምግቡስ እንዴት ተዘጋጀ? የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። በዛሬው የጤና ዓምዳችን እነዚህን ጥያቄዎች ከ170 ዓመት ገደማ በፊት አንስቶ በሥራው የመለሰውን የአሌክሲስ ሶየርን ሕይወት እንቃኛለን። ሶየር ሐኪም አልነበረም፤ ምግብ አብሳይ ነበር።

ሶየር እ.ኤ.አ. በ1810 ፈረንሳይ ውስጥ ሞ በተባለች ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ወደ ፓሪስ ሄዶ የምግብ ዝግጅት ሙያ ተማረ። በ1830 በፓሪስ አብዮት ከተነሣ በኋላም አገሩን ለቆ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ለመኳንንት ቤተሰቦች ሲያበስል ቆይቶ በ1837 ሪፎርም ክለብ በተባለው የለንደን የፖለቲከኞች ክለብ የወጥ ቤት አለቃ ሆነ። እዚያ ያደራጀው ማዕድ ቤት በጋዝ ምድጃዎች የሚሠራ በመሆኑ በዘመኑ እንደ ብርቅ ይጎበኝ ነበር። ሠዓሊ የነበረችው ባለቤቱ ኤማ ግን በ1842 ነፍሰ ጡር እንደነበረች አረፈች።

ዝናው የተገነባው በሀብታሞች ገበታ ቢሆንም ሶየር የድሆች ጉዳይ ያሳስበው ነበር። በ1847 አየርላንድ በከባድ ረሃብ ስትጠቃ በመንግሥት ጥያቄ ወደ ደብሊን ሄደ። ትልቅ የሾርባ ማብሰያ ጎላ የተተከለበት የእንጨት አዳራሽ አሠርቶ፣ ሰዎች በየተራ እየገቡ የሚመገቡበትን ሥርዓት ዘረጋ። በዚህም በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን መመገብ ተቻለ። ይሁን እንጂ ሾርባው ቀጭን ነው፣ የተራበን ሰው አካል አይጠግንም የሚል ትችት ከሐኪሞች ደረሰበት። ትችቱ ዛሬም ትክክል ነው። ሆድ የሚሞላ ነገር ሁሉ አካልን አይገነባም።

ሶየር ለሕክምናው ዓለም ትልቁን አስተዋጽኦ ያበረከተው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ነው። ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና የኦቶማን ቱርክ ከሩሲያ ጋር ሲዋጉ፣ የብሪታኒያ ቁስለኞችና ሕሙማን ጥቁር ባሕርን ተሻግረው በዛሬዋ ኢስታንቡል ወደሚገኘው የስኩታሪ ሆስፒታል ይወሰዱ ነበር። በጦርነቱ ከቁስል ይልቅ በበሽታ የሞተው ወታደር በእጅጉ ይበልጣል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነርሶቿን ይዛ በኅዳር ወር 1854 ስኩታሪ ደረሰች። ሶየርም የሆስፒታሎቹን ችግር ከጋዜጣ አንብቦ በራሱ ወጪ ለመሄድ ጥያቄ አቀረበ፤ በመጋቢት 1855 እዚያው ደረሰ።

በማዕድ ቤቱ ያገኘው ነገር አስደንጋጭ ነበር። ለሕሙማን የሚታደለው የሥጋ ድርጎ ከነአጥንቱ ስለሚመዘን አንዱ ሥጋ ሲደርሰው ሌላው አጥንት ብቻ ይደርሰው ነበር። የየክፍሉ ሥጋ በእንጨት ላይ ተጠፍሮ፣ እንዳይቀላቀል የጨርቅ ቁራጭ ወይም አዝራር ምልክት ታስሮበት አንድ ጎላ ውስጥ ይጣላል። ጥብቅ ብሎ ስለሚታሰር ላዩ ሲበስል መሐሉ ጥሬ ይሆናል። የተቀቀለበት መረቅ ደግሞ ይደፋ ነበር። አብሳዮቹም ሙያውን ያልተማሩ፣ በተራ የሚመደቡ ወታደሮች ነበሩ።

ሶየር መፍትሔ የፈለገው እዚያው በነበረው ድርጎ ነው። ሥጋው ላላ ተደርጎ እንዲታሰርና እኩል እንዲበስል፣ መረቁና ቅባቱ እንዳይደፋ አደረገ። ለመቶና ለሃምሳ ሰው የሚሆን የምግብ አሠራር በመጠን ጻፈ። ለደካማ ሕሙማን ለብቻው ሾርባና ለስላሳ ምግብ እንዲዘጋጅ አስተማረ። ወታደሮችን አሠልጥኖ ማብሰል ቋሚ ኃላፊነት ያለው ሥራ እንዲሆን ጣረ። በትንሽ ማገዶ፣ በዝናብና በነፋስ ሜዳ ላይ የሚሠራ የተዘጋ ምድጃም ሠራ። የብሪታኒያ ጦር ይህን ምድጃ እያሻሻለ ከመቶ ዓመት በላይ ተጠቅሞበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በስኩታሪ የሞት መጠን የቀነሰው በምግቡ ብቻ አልነበረም። በዚያው በመጋቢት 1855 የደረሰ የንጽህና ቡድን የፍሳሽ መስመሮችን አጽድቶ፣ ውኃውንና የአየር ዝውውሩን ማስተካከሉ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ንጽህና፣ ሕክምናና ምግብ ተደጋግፈው ይሠራሉ።

ሶየር ራሱ በክሪሚያ በጠና ታሞ ነበር። በ1857 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ የወታደር ማዕድ ቤቶችን ማሻሻሉን ቀጠለ፤ በነሐሴ 1858 በ48 ዓመቱ አረፈ።

ከሶየር ሕይወት ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት የታማሚ ምግብ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ መጠን፣ ሰዓትና ኃላፊ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። በቂ ምግብ ያላገኘ ሕመምተኛ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል። በአገራችን ደግሞ የታማሚው ምግብ ብዙውን ጊዜ ከቤት በሳህን ስለሚመጣ የኃላፊነቱ ትልቅ ድርሻ በአስታማሚው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

በመጀመሪያ፣ ምግብ ከማምጣትዎ በፊት የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ሐኪሙን ወይም ነርሷን ይጠይቁ። የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመምተኛ ጨው ሊቀነስለት ይገባል። የስኳር ሕመምተኛ የምግብና የመድኃኒት ሰዓቱ መገጣጠም አለበት። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው እንዳይበላ ከተነገረው፣ አዝናችሁ በድብቅ የምታቀምሱት ነገር ማደንዘዣ ሲሰጠው ወደ ሳንባው ገብቶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በመረቅ ብቻ አትመኑ። መረቅ ፈሳሽና ጥቂት ጨው ይሰጣል፤ የሚጠግነው ግን ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ምስሩና ሽሮው ነው። የምግብ ፍላጎት ለሌለው ሰው አንድ ትልቅ ሳህን ከማቅረብ፣ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መስጠት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሳህኑ ሲመለስ ይመልከቱት። ታማሚው ሁለት ሦስት ቀን ምግቡን እያስተረፈ ከሆነ ለሕክምና ባለሙያው ይንገሩ። በተለይ አረጋውያን የማይበሉት ጥርሳቸው ስለጎዳቸው፣ መዋጥ ስላቃታቸው ወይም ስለተከዙ ሊሆን ይችላል። ሲውጡ የሚያስላቸው ከሆነ ምግቡን አቁመው ባለሙያ ይጥሩ።

በመጨረሻም፣ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያብሉ። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ለታማሚ አይስጡ፤ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠውንም እስኪንፈቀፈቅ አሙቀው ያቅርቡ።

በሆስፒታሎችና በአረጋውያን መርጃ ማዕከላት የምታበስሉ ባለሙያዎችም የእያንዳንዱን ታማሚ የምግብ ትእዛዝ ከሕክምና ቡድኑ በየቀኑ ተቀበሉ፤ ምን ያህል እንደተበላም መልሳችሁ አሳውቁ።