በባቡር አልሄድም ያለው ሰው፦ የካሊፎርኒያ ፕሮፖዚሽን ከየት መጣ?

ጊዜው 1910 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአገረ ገዥነት የሚወዳደር አንድ ጠበቃ ያን ሁሉ ሰፊ አገር ዞሮ መቀስቀስ አለበት። ቀላሉ ነገር በባቡር መሄድ ነው። ሰውየው ግን ባቡር አልሳፈርም አለ። አብዛኛው አስፋልት ባልነበረው መንገድ፣ አቧራ እየቃመ፣ ከከተማ ከተማ በመኪና ዞረ።

ለምን? ጠቡ ከባቡሩ ባለቤት ጋር ስለነበረ ነዋ!

ይህ ሰው ሃይራም ጆንሰን ይባላል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ በምርጫ ሰሞን ፕሮፖዚሽን የሚባሉ ጥያቄዎች ተደርድረውበት የሚደርሳችሁ ያ ረጅም ወረቀት መነሻው የእሱ ዘመን ነው።

ጆንሰን በ1866 በሳክራሜንቶ ተወለደ። አባቱ ግሮቭ ጆንሰን ጠበቃና ፖለቲከኛ፣ ያውም የሳውዘርን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ወዳጅ ነበር። ይህ ኩባንያ በዚያ ዘመን እንዲሁ ባቡር የሚነዳ ድርጅት ብቻ አልነበረም። ሰፊ መሬት ነበረው፣ ገበሬው ምርቱን የሚጭነው በእሱ ነው፣ ሕግ አውጪዎቹ ዘንድም እጁ ረጅም ነበር። ልጅየው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይጨርስ ወጣና አገባ። ሕግ አጥንቶም በ1888 ጠበቃ ሆነ። በፖለቲካ ግን ከአባቱ ጋር ተለያዩ።

ስሙ የገነነው በሳን ፍራንሲስኮ የሙስና ችሎት ነው። በ1908 የከተማዋን ፖለቲካ ከጀርባ ይዘውር የነበረው ኤብ ሩፍ በጉቦ ተከሶ ሲዳኝ፣ ዐቃቤ ሕጉ ፍራንሲስ ሄኒ እዚያው ችሎት ውስጥ በጥይት ተመታ። ሄኒ ከሞት ተረፈ። ጆንሰን ክሱን ተረክቦ ቀጠለ፣ ሩፍም ጥፋተኛ ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆንሰን ኩባንያውን ከፖለቲካ አስወጣለሁ ብሎ ተወዳደረና አሸነፈ።

ሥልጣን ሲይዝ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥቅምት 10 ቀን 1911 ሕዝቡ በ23 የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ተደረገ። 22ቱ አለፉ። ሴቶች በካሊፎርኒያ የመምረጥ መብት ያገኙትም በዚያው ቀን፣ በጠባብ ልዩነት ነው። ለዚህኛው ግን ጆንሰን ብዙም አልቀሰቀሰም።

ከእነዚህ ማሻሻያዎች ለሕዝቡ ሦስት መሣሪያዎች ተገኙ።

አንደኛ፣ ኢኒሼቲቭ። ዜጎች ራሳቸው ሕግ አርቅቀው፣ ፊርማ አሰባስበው ለድምፅ ያቀርባሉ።

ሁለተኛ፣ ሪፈረንደም። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ሕዝቡ ይጽደቅ ወይም ይውደቅ ይላል።

ሦስተኛ፣ ሪኮል። ባለሥልጣንን ዘመኑ ሳያልቅ ማውረድ። ተዋናዩ አርኖልድ ሽዋዚንገር በ2003 አገረ ገዥ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

እስካሁን ታሪኩ ያምራል፣ አይደል? ቀጥሎ ያለው ግን ይመራል።

በ1913 ጆንሰን አንድ ሕግ ፈረመ። ሕጉ ዜግነት ማግኘት የማይፈቀድላቸው የውጭ ሰዎች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ ይከለክላል። ጃፓን የሚል ቃል የለበትም፤ ያነጣጠረው ግን በዋናነት በጃፓናውያን ገበሬዎች ላይ ነበር። በ1920 ደግሞ መራጩ ራሱ በኢኒሼቲቭ ድምፅ ሰጥቶ ሕጉን አጠበቀው። ባለገንዘብን ለመግታት የተሰጠው መሣሪያ በስደተኛ ላይ ዞረ ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ውድቅ ያደረገው በ1952 ነው።

ጆንሰን በ1912 ከቴዎዶር ሩዝቬልት ጋር ለምክትል ፕሬዝዳንትነት ተወዳድሮ ተሸንፏል። ከ1917 ጀምሮ ሴናተር ሆኖ ቆየና ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ በተጣለበት ዕለት፣ ነሐሴ 6 ቀን 1945 አረፈ።

መሣሪያው ግን አለ። ዛሬ አንድ ኢኒሼቲቭ ለድምፅ እንዲቀርብ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ይፈልጋል። ገንዘብ ያለው ደግሞ ፊርማ ሰብሳቢ ይቀጥራል። የ2020ውን ፕሮፖዚሽን 22 አስታውሱ። እንደ ኡበር፣ ሊፍትና ዶርዳሽ ያሉ ኩባንያዎች ሾፌሮቻቸው እንደ ተቀጣሪ እንዳይቆጠሩ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው አሸነፉ። ከእኛም ሰው ብዙ ሾፌር ያለበት ሥራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ምክር ቤቱ ይህን ሕግ ማሻሻል ቢፈልግ ከ8 አባላት የ7ቱ ድምፅ ያስፈልገዋል የሚል አንቀጽ ነበረ። ማስታወቂያውን ብቻ ያየ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

ስለዚህ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት፦

• አዎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አጣሩ። በሪፈረንደም አዎ ማለት ሕጉ ይጽና ማለት ነው። በ2016 የፕላስቲክ ከረጢት ክልከላው እንዲጸና የፈለገ ሰው አዎ ማለት ነበረበት። ክልከላውን ጠልቶ አዎ ያለ ተሸወደ።

• ለተመዘገበ መራጭ የሚላከውን የመንግሥት መጽሔት አትጣሉት። በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ የገለልተኛ ባለሙያዎች ትንታኔ፣ የደጋፊና የተቃዋሚ ክርክር፣ ሙሉ ጽሑፉም አለበት።

• ገንዘቡን ማን እንዳወጣ እዩ። ስሙ የሚያምር ኮሚቴ ሁሉ የሰፈር ሰው አይደለም።

• ያልገባችሁን ጥያቄ ባዶ ብትተዉት የቀረው ድምፃችሁ አይበላሽም።

ጆንሰን የታገለው ኩባንያ ሕግ እንዳያወጣ ነበር። ዛሬ ኩባንያ ራሱ ሕግ አርቅቆ እናንተን ፈርሙልኝ ይላል። ሳያነቡ መፈረም ደግሞ ሌላ ነገር ላይ እንደማይሆን ሁሉ እዚህም አይሆንም።

ካሊፎርኒያ የምታውቁት ሰው ካለ ሼር አድርጉለት።