ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፦ ከሺካጎ እስከ አዲስ አበባ

ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የምንነዳ የማኅበራችን አባላት ከአየርና ሕዋ ቤተ መዘክር ደጃፍ በየቀኑ መንገደኛ እናወርዳለን። መግቢያው በነፃ ስለሆነ ልጆቻችንንም እንወስዳቸዋለን። ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን አውሮፕላኖች አንጋጠን ስናይ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ የት እንደምትገባ የምንነግራቸው እምብዛም የለንም። ለአሥረኛ ዓመት መጽሔታችን የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ሕይወት የመረጥነው ስለዚሁ ነው።

ሮቢንሰን በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ፍሎሪዳ ውስጥ ተወልደው በሚሲሲፒ፣ ጋልፍፖርት በምትባል የወደብ ከተማ አደጉ። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ልጅ አውሮፕላን አብራሪ እሆናለሁ ቢል የሚሰማው አልነበረም። አላባማ በሚገኘው የታስኪጊ ተቋም የመኪና ጥገና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1924 ጨረሱና ወደ ሺካጎ አቀኑ። እዚያም ከርቲስ ራይት ለተባለ የበረራ ትምህርት ቤት ቢያመለክቱ በቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ። እሳቸው ግን እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ! መጥረጊያቸውን ይዘው ከክፍሉ ጥግ ሆነው ትምህርቱን ተከታተሉ። ኋላ ትምህርት ቤቱ በተማሪነት ተቀበላቸው፤ ቆይቶም ሌሎች ጥቁሮችን እንዲያስተምሩ ቀጠራቸው። ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ መሪ የጨበጠ ወገናችን ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። የአየር ማረፊያዎች በር ስለተዘጋባቸውም ከጓደኛቸው ከኮርኔልየስ ኮፊ ጋር ሆነው በሺካጎ አቅራቢያ፣ በሮቢንስ፣ የራሳቸውን ማረፊያ ሜዳ አዘጋጁ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኟቸው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ዶክተር መላኩ ሕክምና የተማሩት ዘወትር በምናልፍበት በሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ነው። ሮቢንሰን ጥሪውን ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ገቡ። ከእሳቸው በፊት ሁበርት ጁልያን የሚባል ሌላ ጥቁር በራሪ መጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የንጉሡን አውሮፕላን ከስክሶ የተባረረ፣ ከሥራው ወሬው የሚበልጥ ሰው ነው። ሮቢንሰን ግን ሥራቸውን በጸጥታ የሚሠሩ ስለነበሩ ብዙም ሳይቆዩ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ።

አየር ኃይል እንበለው እንጂ አውሮፕላኖቹ ሁለት ደርዘን እንኳ አይሞሉም ነበር። አብዛኞቹም ያረጁና መሣሪያ ያልተገጠመላቸው ነበሩ። ጣሊያን በአንጻሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሰልፋለች። ስለዚህ የሮቢንሰን ሥራ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው በግንባርና በዋና ከተማው መካከል ማመላለስ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበሩ። በጦርነቱ ቆስለዋል፤ የመርዝ ጋዙም ደርሶባቸዋል። መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን የጠላት አዳኝ አውሮፕላኖች በሚያንዣብቡበት ሰማይ ላይ ለወራት መመላለስ ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

አዲስ አበባ ከመያዟ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ በኒው ዮርክና በሺካጎ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። ታስኪጊ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ከዘመቻው በፊት ጀምረው ወትውተው ነበር፤ ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ1939 ተጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቁት ጥቁር በራሪዎች ከዚያ ወጡ። ከሥልጠና አውሮፕላኖቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ ከተማችን በተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል። ልጆቻችንን ከወሰድን እሱንም እናሳያቸው።

እ.ኤ.አ. በ1944 ሮቢንሰን ጥቂት ባልደረቦቻቸውን አስከትለው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱና ወጣት በራሪዎችን ማሠልጠን ያዙ። የኋለኛው ታሪካቸው ግን ደስ የሚል ብቻ አይደለም። ከስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን ጋር ተጣልተው ለእስር ተዳረጉ፤ ከአየር ኃይሉም ወጡ። በክፉ ቀን የደረሰልን ሰው እንዲህ መስተናገዱ ያሳዝነናል። ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለን የየካቲት 12ን የሰማዕታት ሐውልት በቀን ስንት ጊዜ ስናልፍ የእሳቸውን ስም አንድም ቀን አልሰማንም።

ይህም ሁሉ ሆኖ አገሩን አልለቀቁም። በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. የሚያበሩት አውሮፕላን ወድቆ ክፉኛ ተጎዱና ከቀናት በኋላ አረፉ። የተቀበሩትም በአዲስ አበባ ነው።