ካኖ፤ መምህር ሆኖም ተማሪ

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ በ1860 እ.ኤ.አ. ጃፓን ተወለደ። ሰውነቱ ደቃቃ ስለነበር ጉልበተኞች አስመረሩትና በ1877 ጁጂትሱ ጀመረ። በ1882 ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ 12 ሰሌን በተነጠፈበት ክፍል፣ ኮዶካን የተባለ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ገና 21 ዓመቱ እኮ ነው! ሌላው ቢሆን ደረቱን ነፍቶ በተቀመጠ። ካኖ ግን አስተማሪውን ኢኩቦን ወደዚያው እየጠራ መውደቁን ቀጠለ። እየወደቀ ሲያጠና ሰው የሚጣለው በጉልበት ሳይሆን መጀመሪያ ሚዛኑን ሲስት መሆኑን ደረሰበት፤ ከዚያ ወዲያ መውደቅ የኢኩቦ ተራ ሆነ።

በ1883 ለሁለት ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዳን ሰጠ፤ ስሙ ሾዳን፣ ትርጉሙም መነሻ ደረጃ። ጥቁር ቀበቶ ያሰረ ሁሉ ጨርሷል የሚሉ ይህን የሰሙ አይመስለኝም። ኋላም የቶኪዮን ከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛ ከ20 ዓመት በላይ መራ፤ የሙያ ወንድማችን ነው ማለት ነው። በ1938 ከካይሮ የኦሊምፒክ ስብሰባ ሲመለስ በ77 ዓመቱ መርከብ ላይ አረፈ።