ኸርማን ሜልቪልና ነጩ ዓሣ አንበሪ

የባሕር ላይ ታሪክ በመጻፍ ስማቸው የተጠራ ደራሲዎች ብዙ ናቸው። ስቲቨንሰን አለ፤ ኮንራድ አለ። እኔ ግን ስለ አሜሪካዊው ኸርማን ሜልቪል ላጫውታችሁ መረጥሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ትልቁን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ አርባ ዓመት ሙሉ ዋጋውን ሳያገኝ የኖረ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜልቪል በ1819 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ነበር፤ ነገር ግን ንግዱ ከሰረና ቤተሰቡን በዕዳ ጥሎ ሞተ። ኸርማን ያን ጊዜ ገና 12 ዓመቱ ነበር። በባንክ ጸሐፊነት፣ በወንድሙ ሱቅ፣ በአጎቱ እርሻና በአስተማሪነት ሠራ፤ አንዱም አላዋጣውም። በ1839 በንግድ መርከብ ተቀጥሮ ሊቨርፑል ደርሶ ተመለሰ፤ በ1841 መጀመሪያ ደግሞ አኩሽኔት በምትባል የዓሣ አንበሪ አዳኝ መርከብ ተሳፈረ።

በዚያ ዘመን ላምባ ገና ስላልተለመደ ብዙ መብራት የሚነድደው በዓሣ አንበሪ ዘይት ነበር። አዳኞቹ መርከቦች ሦስትና አራት ዓመት ከአገር ወጥተው ይቆያሉ። ዓሣ አንበሪው ሲታይ መርከበኞቹ በትንንሽ ጀልባ እየቀዘፉ ይቀርቡትና ገመድ የታሰረበት ጦር ይወረውሩበታል፤ ከሞተም በኋላ ስቡን እዚያው መርከቧ ላይ በትልልቅ የብረት ድስት ያቀልጡታል። ቋሚ ደመወዝ የለም፤ እያንዳንዱ ከትርፉ ድርሻ ያገኛል። የሜልቪል ድርሻ ከ175 አንድ እጅ ነበር!

በ1842 ከአንድ ጓደኛው ጋር መርከቧን ጥሎ በፓሲፊክ ውቅያኖስ በምትገኝ ኑኩ ሂቫ በምትባል ደሴት ጠፋ፤ ከደሴቲቱም ሰዎች ጋር ጥቂት ሳምንታት ኖረ። በኋላ በታሂቲ ታስሯል። በመጨረሻ በአሜሪካ የጦር መርከብ ተቀጥሮ በ1844 አገሩ ገባ። በጦር መርከቧ ላይ መርከበኞች በጓደኞቻቸው ፊት ሲገረፉ አይቶ ነበርና በ1850 ይህን ግፍ በመጽሐፍ አወጣው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት በባሕር ኃይል ግርፋትን ከለከለ፤ ክርክሩ ግን ቀደም ብሎ የተጀመረ ስለሆነ ሥራው የእርሱ ብቻ አይደለም።

ሞቢ ዲክ የወጣው በ1851 ነው። አንድ ነጭ ዓሣ አንበሪ እግሩን የቆረጠው ካፒቴን፣ ለበቀል ሲል መርከቡንም ሰዎቹንም ይዞ ይጠፋል። ሜልቪል በ1820 ኤሴክስ የተባለች መርከብ በዓሣ አንበሪ ተመትታ መስጠሟን ያውቅ ነበር። የካፒቴኑ ስም አክዓብ፣ የተራኪው ስም እስማኤል መሆኑን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ወጣት ወዲያው ያስተውላል። በጾመ ነነዌ የምናነበው የነቢዩ ዮናስ ታሪክም አለበት፤ ቀድሞ አዳኝ የነበረ ሰባኪ በገመድ መሰላል ሰገነቱ ላይ ወጥቶ፣ መሰላሉን ወደ ላይ ስቦ፣ ለመርከበኞች ይሰብከዋል። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ምዕራፍ ነው። ስለ ዓሣ አንበሪ አጥንትና ቆዳ የሚተነትኑት ምዕራፎች ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

መጽሐፉ አልተሸጠም። በለንደን እትም የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀረ፣ ተራኪው እንዴት እንደ ተረፈ ያልተነገራቸው ተቺዎች፣ የሞተ ሰው ታሪክ ይናገራልን ብለው ነቀፉት። ከዚያ በኋላ የጻፋቸውም አልሳኩም።

በ1866 ሜልቪል በኒውዮርክ ወደብ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ደመወዙም በቀን 4 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ ጉምሩኩ በጉቦ የታወቀ ቤት ነው። የእኅቱ ባል እንደ መሰከረው፣ ሜልቪል በኪሱ የተከተተለትን ገንዘብ እንኳ ድምፁን ሳያሰማ ይመልስ ነበር። እንዲህ 19 ዓመት ሠራ። በ1867 የበኩር ልጁ ማልኮም በ18 ዓመቱ በቤት ውስጥ በጥይት ሞተ። በ1886 ሁለተኛው ወንድ ልጁም ሞተ። ያም ሆኖ ማታ ማታ መጻፉን አልተወም።

በ1891 ሲሞት፣ ያልታተመ አንድ የባሕር ታሪክ በወረቀቶቹ መካከል ቀረ። የልጅ ልጁ በ1919 ወረቀቶቹን ሬይመንድ ዊቨር ለተባለ ሰው አሳየችው፤ ቢሊ ባድ የተባለው ይህ ታሪክ በ1924 ታተመ። አንድ የዋህ ወጣት መርከበኛ በሐሰት ይከሰሳል፤ አንደበቱ ስለሚታሰር መልስ መስጠት አቅቶት ከሳሹን በቡጢ ይመታዋል፤ ከሳሹም ይሞታል። ካፒቴኑ የልጁን የዋህነት እያወቀ በጦር ሕግ እንዲሰቀል ያስፈርድበታል። ካፒቴኑ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ሜልቪል ይህን ሳይናገር ሄዷል፤ አንባቢዎቹም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።