ሊያስተምር መጥቶ የተማረ፦ የዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ሕይወት

ተማሪዎች! አሊዩ አምባ የምትባለውን ከተማ ታውቋት ይሆን? ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ፣ ከአንኮበር ተራራ በታች፣ ወደ አፋር ቆላ በሚያወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው ምዕት ዓመት ከታጁራ ወደብ የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች በረሃውን አቋርጠው ወደ ሸዋ የሚገቡት በእርስዋ በኩል ነበር። በገበያዋ አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና የሐረሩ ነጋዴ ይገናኙ ነበር፤ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ ይለዋወጡ ነበር። በአቅራቢያዋ በነበረችው አብዱል ረሱል በምትባለው መንደር ግን ሰው ራሱ እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። በጦርነትና በዘረፋ ከወላጆቻቸው የተነጠሉ ልጆች ከዚያ ወደ ባሕር ይነዱ ነበር።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደዚህች ከተማ ሁለት ጀርመናውያን ደረሱ። አንደኛው ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ፣ ሁለተኛው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ይባላሉ። በዚህ ምንባብ የምታውቁት የሁለተኛውን ሕይወት ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ክራፍ ጥር 11 ቀን 1810 በጀርመን አገር፣ ከቲዩቢንገን ከተማ አጠገብ ባለችው በዴሬንዲንገን መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በተማሪነቱ ዘመን አባቱ የገዛለትን የካርታ መጽሐፍ ሲመለከት በአፍሪካ ቀንድ ላይ ያለው ሥፍራ ባዶ ሆኖ አገኘው። የአዳል በረሃና የሶማሌ ምድር ስም አልባ ሆኖ ታየው። ያን ባዶ ሥፍራ የማወቅ ጉጉት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተለየውም። እናንተም ካርታ ስትመለከቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ አድሮባችሁ ይሆናል።

በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ ከተማረ በኋላ በአንድ የእንግሊዝ የሚሲዮን ማኅበር ሥር ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ፈቃደኛ ሆነ። በ1837 መጨረሻ ዓድዋ ደረሰ፤ ነገር ግን በተከታዩ ዓመት ከዚያ እንዲወጣ ተደረገ። ተስፋ ሳይቆርጥ ሌላ መንገድ ፈለገ። በልጅነቱ በካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ያየውን በረሃ በእግሩ ተሻግሮ አሊዩ አምባ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በሸዋ የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንግዶቹን በመልካም ተቀበሏቸው። ሆኖም የንጉሡና የመምህሩ ፍላጎት አንድ አልነበረም። ክራፍ ሃይማኖቱን ለመስበክና ሕፃናትን ለማስተማር ይመኝ ነበር። ንጉሡ ግን የሚፈልጉት ሐኪም፣ አናጢ፣ ግንበኛና ብረት ሠሪ እንደ ሆነ አስታወቁት። ለአንድ አገር የሚያስፈልገውን የሚወስነው ማን ነው? የሚመጣው መምህር ነው ወይስ የሚቀበለው ሕዝብ? ይህን ጥያቄ ምንባቡን እያነበባችሁ አሰላስሉት።

ክራፍ በአንኮበር ጥቂት ልጆች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ይሁን እንጂ ከማስተማሩ ይልቅ መማሩ የበዛ ነበር። አማርኛን አጠና፤ ከኦሮሞ ተወላጆች ዘንድም ቋንቋቸውን ይማር ጀመር። ያስተምራቸው ዘንድ የመጣላቸው ሰዎች መምህራኑ ሆኑ። ከእነርሱ ተምሮ ያዘጋጀው የኦሮምኛ ሰዋስው መግለጫ በ1840 በለንደን ታተመ። ባልንጀራው ኢዘንበርግም ወደ አውሮፓ ተመልሶ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላትና በአማርኛ የተጻፈ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተመ።

ከዚህ በኋላ ግን ክራፍ ከመምህርነቱ ሌላ ሥራ ተጨመረበት። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ሲዋዋል በመካከል ሆኖ ረዳ። መምህር ከመንግሥታት ጉዳይ ውስጥ ሲገባ ሰው የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በወሎ ንብረቱን ሁሉ ተዘረፈ፤ ምጽዋዕ የደረሰው በብዙ እንግልት ነው። በዚያው ዓመት በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ለመመለስ ቢሞክርም መንገዱ ተዘጋበት።

በግብፅ ሮዚና ዲትሪክ የምትባል ሴት አገባ። በምጽዋዕ በኩል እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ሲሞክሩ ሚስቱ በበረሃ መካከል ያለ ጊዜዋ ወለደች። ሕፃኗ ወዲያው ሞተች። ወላጆቿም በአማርኛ እንባ የሚል ስም ሰጧት። ቋንቋን ከአፍ አልፎ ወደ ልብ የገባ ነው የሚያሰኘው እንዲህ ያለው ነው፤ ሰው በሐዘኑ ጊዜ የሚጠራው ቃል የባዕድ ቃል አይደለምና።

በ1844 ክራፍ ወደ ሞምባሳ ሄደ። እዚያም በሐምሌ ወር ሚስቱና ሌላ የተወለደች ሕፃን ልጁ በወባ ሞቱ፤ እርሱ ራሱ ከአልጋ መነሣት ተስኖት ነበር። ሆኖም አልተመለሰም። ስዋሂሊን ተማረ፤ በ1846 ከባልንጀራው ከዮሐንስ ሬብማን ጋር በራባይ መኖሪያና የትምህርት ሥፍራ አቋቋመ። በታኅሣሥ ወር 1849 የኬንያን ተራራ ከሩቅ አይቶ ለአውሮፓ አስታወቀ።

በ1855 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዐፄ ቴዎድሮስን አነጋገረ። ቴዎድሮስም እንደ ሣህለ ሥላሴ የፈለጉት የእጅ ባለሙያ ነበር። ኋላም ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎች በጋፋት ሲሠሩ የኢትዮጵያ ወጣቶች ከእነርሱ ሥራ ተማሩ። ክራፍ ይህን ጊዜ የአገሩን ሰው ጥያቄ ሰምቶ ነበር ማለት ይቻላል። ኅዳር 26 ቀን 1881 በጀርመን አገር በኮርንታል ዐረፈ። ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት በ1882 ታተመ።

ተማሪዎች! ዛሬም ጦርነት፣ ድርቅ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ ጎዳው አገር በፈቃዳቸው ሄደው መምህራንን የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉ። ምናልባት ከእናንተም መካከል አንዱ ነገ እንዲህ ያለውን ተልእኮ ይቀበል ይሆናል። ያን ጊዜ ከክራፍ ሕይወት ሁለት ነገር አስታውሱ። የአንኮበር ትምህርት ቤቱ ብዙ አልቆየም፤ ከሕዝቡ ተምሮ የጻፈው ግን ቀረ። ልታስተምሩት የምትሄዱለት ሕዝብ የራሱ ዕውቀት፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ ፍላጎት አለው። ስለዚህ ጠመኔውን ከማንሣታችሁ በፊት ጆሮአችሁን ስጡት።